ከሐዋሳ ተነሥተው ስኩባ መማር ለሚፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ በመሆኗ ውኃ ለነዋሪዎቿ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከውኃው ገጽ በታች እየተነፈሱ መቆየት ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ትምህርቱን ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በተለይ ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ከተማ የሚኖረውን ሰው በማሰብ ነው፤ ምክንያቱም በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ተማሪ ከቁም ነገር የማይገባ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም የመልስ ጉዞው ከፍታ፣ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያሳስብ ነው።

ስኩባ ዳይቪንግ ከተራ ዋና በምን ይለያል?

ዋናተኛ ትንፋሹን ይዞ ለአጭር ጊዜ ይጠልቃል፤ ስኩባ ጠላቂ ግን በጀርባው ካዘለው ሲሊንደር እየተነፈሰ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ከውኃ በታች ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚያስችለው ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ሲሆን፣ ሥራውም በሲሊንደሩ ውስጥ በከፍተኛ ኃይል የታመቀውን አየር ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ካለው ግፊት ጋር አመጣጥኖ፣ ሰውየው አየር በሳበ ቁጥር የሚፈልገውን ያህል መስጠት ነው። ለዛሬው መሣሪያ መሠረት የሆነውን ሬጉሌተር በ1943 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሠሩት የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ናቸው።

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ይጠራዋል እንጂ በጀማሪዎች ሲሊንደር ውስጥ ያለው ሁላችንም የምንተነፍሰው አየር ተጣርቶና ታምቆ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ኦክስጅኑ 21 ከመቶ ያህል ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። እንዲያውም ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች ሲተነፍሱት መርዛማ ሊሆንና ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

አንድ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር እስከ 200 ባር (የግፊት መለኪያ) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ይህ አየር ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያቆይ ግን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚጠቀመው አየር በውኃው ገጽ ላይ ከሚጠቀመው ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የተደናገጠ ጀማሪ ደግሞ ከዚህም በላይ ይጨርሳል።

ሐዋሳ ሐይቅ አጠገባችን እያለ ለምን እዚሁ አንማርም?

ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለም፤ ተገቢም ነው። ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ያህል በመሆኑ በቁጥር ብቻ ቢታይ ለጀማሪ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን አራት እንቅፋቶች አሉበት።

የመጀመሪያው እይታ ነው። ሐይቁ በጥቃቅን ዕፅዋትና በደለል የተሞላ በመሆኑ ከገጹ ጥቂት ወረድ እንዳሉ የራስን እጅ ማየት ያስቸግራል። ጀማሪ ተማሪ ደግሞ አስተማሪውን በዓይኑ እያየ፣ ምልክቱን እየተከተለ የሚማር ነው፤ አስተማሪውም ተማሪውን ካላየው ሊረዳው አይችልም። ሁለተኛው ጤና ነው፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ሲሆን፣ ተሐዋሲው በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውኃው ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሦስተኛው ጉማሬ ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችን የጠየቀ ሰው ስለ ጉማሬ ከዚህ ገጽ የተሻለ መልስ ያገኛል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በላዩ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ18 ከመቶ ያህል ያንሳል። በምን ጥልቀት ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት መደበኛ የጠላቂ ሰንጠረዦችና ስሌቶች የተዘጋጁት ለባሕር ጠለል ሲሆን፣ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ በሚገኝ ውኃ ለመጥለቅ የተለየ ስሌት ያስፈልጋል፤ እዚህ በ18 ሜትር የጠለቀ ሰው ወደ ገጹ ሲመለስ ሰውነቱ የሚያየው የግፊት ለውጥ በባሕር ከ20 ሜትር በላይ ጠልቆ እንደተመለሰ ሰው ነው። ይህ ልምድ ያለው ጠላቂ የሚማረው ተጨማሪ ትምህርት እንጂ የጀማሪ ፊደል አይደለም። ሻላ ሐይቅን የሚጠቅሱም አሉ፤ እርሱ 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው በመሆኑ ጥያቄውን ጭራሽ ያከብደዋል።

ታዲያ የት ሄጄ ልማር?

ቅርቡ ጅቡቲ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ እንዲሁም ከከተማው ፊት ለፊት ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ለመጥለቅ የታወቁ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። በኬንያ የዲያኒና የዋታሙ ዳርቻዎች፣ በታንዛኒያ ዛንዚባር፣ በግብፅ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር ያሉት ዳሃብ፣ ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ የጀማሪ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ግብፅ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጠጋግተው ስለሚገኙ አማራጩ ሰፊ ነው፤ በክረምታቸው ግን ውኃው ወደ 22 ዲግሪ ስለሚወርድ ወፍራም የመጥለቂያ ልብስ ያስፈልጋል።

ቪዛና የውጭ ምንዛሬ ከትምህርቱ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው። ዋጋ ሲጠይቁም መጽሐፉ ወይም የኢንተርኔት ትምህርቱ፣ የመሣሪያ ኪራዩ፣ የጀልባውና የምስክር ወረቀቱ ክፍያ በተነገረው ዋጋ ውስጥ መካተታቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ርካሽ መስሎ የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን የተወ ነው።

ዋና ሳልችል መማር እችላለሁ?

ለሙከራ አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር መጥለቅ ይቻል ይሆናል፤ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ግን ዋና መቻል ግዴታ ነው። በሰፊው በሚታወቀው ፓዲ በተባለው የስኩባ ትምህርት ድርጅት ሥርዓት ተማሪው ሳያቋርጥ 200 ሜትር መዋኘት፣ ወይም ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መስታወት)፣ ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እና የእግር መቅዘፊያ አድርጎ 300 ሜትር መዋኘት፣ ከዚያም ለ10 ደቂቃ ያለ ምንም ድጋፍ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ መቆየት ይጠበቅበታል። የሰዓት ገደብ የለውም፤ የዋናውም ዓይነት አይመረጥም።

ከሐዋሳ ሳይወጡ ሊጨርሱት የሚችሉት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በከተማዋ ባሉ ሆቴሎች መዋኛ ገንዳ በሳምንት ሁለት ቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የተለማመደ ሰው ባሕር ሲደርስ ሐሳቡን መሣሪያው ላይ ያደርጋል፤ ዋናውን እዚያ ሄዶ ለመልመድ ያሰበ ሰው ግን በውጭ ምንዛሬ የዋና ትምህርት እየገዛ ነው። በልጅነቱ ሐይቅ ውስጥ ዋና የለመደ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ከውኃው በላይ አድርጎ ነው የሚዋኘው፤ ስለዚህ ፊትን ውኃ ውስጥ ከትቶ ቀስ ብሎ መተንፈስን መልመድ ይኖርበታል።

ትምህርቱ ምን ምን ያካትታል? ስንት ቀን ይወስዳል?

ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ንድፈ ሐሳብ፣ በገንዳ ወይም በተረጋጋ ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚደረግ ልምምድ፣ በመጨረሻም ባሕር ውስጥ አራት ጊዜ መጥለቅ። ንድፈ ሐሳቡን አስቀድሞ በኢንተርኔት መጨረስ ስለሚቻል የቀረው ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል። ኔትወርክ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ትምህርቱን ስልክ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ይበጃል።

በገንዳው ውስጥ የሚሠሩት ልምምዶች ለተመልካች ቀላል ይመስላሉ፤ ማስክ ውስጥ ውኃ አስገብቶ በአፍንጫ አየር እየነፉ ማስወጣት፣ ሬጉሌተርን ከአፍ አውጥቶ መልሶ መጉረስ፣ አየር ያለቀበት መስሎ ከጓደኛ መቀበል፣ በቢሲዲው (አየር በሚሞላው ሰደርያ) ሳይወጡና ሳይሰምጡ ባሉበት መንሳፈፍ። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስቸግረው ማስክን ሙሉ በሙሉ አውልቆ መልሶ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ውኃ አፍንጫን ሲነካ ሰውነት በራሱ ይደናገጣል። አስተማሪው ቢያጣድፍዎ እንዲደግሙት ይጠይቁ፤ ባሕር ውስጥ ከመደናገጥ ገንዳ ውስጥ አሥር ጊዜ መድገም ይሻላል።

የጽሑፍ ፈተናም አለ። ፈተናው የሚጠይቀው መሠረታዊ ሐሳቦችን ነው እንጂ ሒሳብ የሚያስፈራ ሰው የሚወድቅበት ዓይነት አይደለም።

ፓዲ፣ ኤስኤስአይ ወይስ ሲማስ?

ፓዲ በ1966፣ ኤስኤስአይ በ1970፣ ሲማስ ደግሞ በ1959 (ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተመሠረቱ፣ የስኩባ ምስክር ወረቀት (ካርድ) የሚሰጥባቸው ድርጅቶች ናቸው። የጀማሪ ካርዳቸው በየትኛውም የባሕር ዳርቻ ይታወቃል፤ በመሆኑም የድርጅቱን ስም ከመምረጥ ይልቅ አስተማሪውን መምረጥ ይበልጣል። በአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ውኃ እንደሚገባ ይጠይቁ። ስምንት ቢፈቀድም አራት ከሆኑ ይሻላል።

የጤና ሁኔታዬ የሚከለክለኝ ከሆነስ?

ከትምህርቱ በፊት የጤና መጠይቅ ይሞላል፤ ለአንዳንዶቹ ጥያቄዎች «አዎ» የሚል መልስ ከሰጡ ሐኪም መርምሮ ካልፈረመ በስተቀር ውኃ አይገቡም። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ታምቡር መቀደድ፣ ከዚህ በፊት የሳንባ መቀደድ ያጋጠመው ሰው በተለይ መጠንቀቅ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠልቅም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው የታከመበት በሽታ በመሆኑ ይህን ሳይደብቁ መናገር ተገቢ ነው፤ በሽታው ድኖም ሳንባ ላይ የተወው ጠባሳ በሚወጡበት ጊዜ አየር ይዞ ሊያስቀር ይችላል።

መጠይቁን አስቀድመው አውርደው ሐዋሳ ባለ ሐኪም ዘንድ ያሳዩ። እዚያ ደርሰው «አዎ» ያሉ ሰዎች ሐኪም ፍለጋ የመጀመሪያውን ቀን ያባክናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቀኑ እንዳይባክን ሲሉ «አይደለም» ብለው ይሞላሉ፤ ይህ ግን ራስን ማታለል ነው።

ጆሮዬ አያመኝም?

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ በመኪና ሲወርዱ ጆሮ የሚደፈነው፣ ሰው ምራቁን ሲውጥ ወይም ማስቲካ ሲያኝክ የሚከፈተው በዚያው ምክንያት ነው፤ ከውጭ ያለው ግፊት ከውስጡ በልጦ። ውኃ ውስጥ ይህ ለውጥ እጅግ ፈጣን ነው፤ በመንገድ በሺሕ ሜትር የሚገኘውን የግፊት ለውጥ ውኃ በአንድ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋት ጆሮን ሳያመው፣ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ፣ ደጋግሞ ማመጣጠን ያስፈልጋል። አልከፈት ካለ ጥቂት ከፍ ብሎ መሞከር እንጂ በኃይል መንፋት አይገባም። ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠልቅም።

ዋናው አደጋ ምንድን ነው? ሻርክ ነው?

ሻርክ አይደለም። በጅቡቲ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ለማየት የሚሄደው ዌል ሻርክ የሚመገበው ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታትን ሲሆን በሰው ላይ ጉዳት አያደርስም።

አደጋው ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው። ይህን ለመረዳት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ማሰብ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ፕላስቲክ ጅቡቲ ሲደርስ ተጨማዶ ይገኛል፤ ጅቡቲ የተዘጋው ደግሞ ወደ ላይ ሲመጣ ይነፋል። ሳንባም እንደዚያው ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት በሲሊንደር አየር የሞላ ሳንባ ትንፋሽ ይዞ ወደ ገጹ ቢወጣ አየሩ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ሳያቋርጡ መተንፈስ ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ፣ በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆም ብሎ።

ቀስ ብሎ መውጣት የሚያስፈልገው በጥልቀት ሰውነት የሚስበው ናይትሮጅን በዝግታ መውጣት ስላለበት ነው። ካልወጣ፣ ለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚታየው፣ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ይሠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ድካም፣ ማዞር ይታያል። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን መስጠት ሲሆን፣ ሕክምናው ግፊት ባለው ልዩ ክፍል ውስጥ ይካሄዳል። እንዲህ ያለው ክፍል የሚገኝበትን ቅርብ ቦታ ትምህርት ቤቱ ማወቅ አለበት፤ መልሱን ሳያመነታ የማይሰጥ አስተማሪ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ትምህርቱን ስጨርስ መቼ ወደ ሐዋሳ ልመለስ?

ጀማሪዎች ሊያነሡት ይገባ የነበረው፣ ነገር ግን እምብዛም የማያነሡት ጥያቄ ይህ ነው። ስለ ጠላቂዎች ደኅንነት የሚሠራው ዳን የተባለው ድርጅት በሚሰጠው መመሪያ መሠረት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው በአውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም በቀን ብዙ ጊዜ የጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት። ጀማሪው አራት ጊዜ ስለሚጠልቅ የሚመለከተው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለጥንቃቄ ሙሉ 24 ሰዓት ይመክራሉ።

ይህን የሰማ ሰው «በመኪና ብመለስስ?» ብሎ ያስባል። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው አውሮፕላንን የሚጠቅሰው በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከፍታ እስከ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ ቦታ ስለሚሆን ነው እንጂ አውሮፕላን በመሆኑ አይደለም፤ መመሪያውም የሚጀምረው ከ600 ሜትር ከፍታ ነው። ሐዋሳ 1,680 ሜትር፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ ጅቡቲ ጠልቆ በማግስቱ ማለዳ በባቡር ወደ አዳማ የሚወጣ ሰው፣ መሬት ሳይለቅ እየበረረ ነው ማለት ይቻላል። ኬንያም ያው ነው፤ ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚወስደው ባቡር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ያወጣል፤ ከዚያም በሞያሌ፣ በዲላና በይርጋለም አድርጎ የሚመጣው መንገድ አብዛኛው ከፍታ ነው።

የዳሃብ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። ሲና ድረስ ሄዶ ደብረ ሲናን ሳይሳለሙ መመለስ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሚከብድ ነገር ነው፤ ተራራው ግን 2,285 ሜትር ከፍታ አለው። ስለዚህ ተራራውን ከትምህርቱ በፊት ይውጡት፤ ከመጥለቅ በፊት ከፍታ ላይ መሆን ጉዳት የለውም። ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ለመውጣት ካሰቡ ግን አንድ ሙሉ ቀን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያርፉ።

ስለሆነም ጉዞውን ሲያቅዱ የመጨረሻውን ቀን ባዶ ያድርጉት። ይህ ቀን ተጨማሪ የሆቴል ወጪ መሆኑ እውነት ነው፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ካሰቡበት ግን አያጣብብዎትም። አስተማሪዎ የት እንደሚኖሩ ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት፤ ሐዋሳ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ሐይቅ ሲሰማ ዝቅተኛ ቦታ ይመስለዋል።

መሣሪያ ገዝቼ ልሂድ?

ሁሉንም መከራየት ይቻላል፤ መግዛት ካሰቡ ማስክ ብቻ ይበቃል። ማስኩን ያለ ማሰሪያው ፊትዎ ላይ አድርገው በአፍንጫዎ አየር ሲስቡ ተጣብቆ ከቀረ ለእርስዎ የሚሆን ነው። በግንባር ላይ የወረደ ሹሩባ ወይም የላይኛው ከንፈር ላይ ያለ ጺም ከማስኩ ጠርዝ ሥር ከገባ ውኃ ያሾልካል። የዚህ ገጽ አዘጋጅ የመጀመሪያውን የገንዳ ቀን ማስኩን ሲኮንን ውሎ፣ ጥፋቱ የጺሙ መሆኑን ያወቀው ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ነበር። መነጽር የሚያደርግ ሰው በዓይኑ ልክ የተሠራ መስታወት ያለው ማስክ ማሠራት ይችላል።

ልጄም መማር ይችላል?

10 ዓመት የሞላው ልጅ መጀመር ይችላል። እስከ 15 ዓመቱ የሚሰጠው ካርድ የታዳጊ ሲሆን፣ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች ከ12 ሜትር በላይ አይጠልቁም፤ የመጥለቅ ካርድ ያለው ወላጅ ወይም ባለሙያ አብሯቸው መሆን አለበት።

ካርዱ ምን ያስችለኛል? ጊዜው ያልፍበታል?

የጀማሪ ካርድ ያለው አዋቂ ከጓደኛ ጋር ሆኖ፣ ያለ አስተማሪ፣ እስከ 18 ሜትር እንዲጠልቅ ይፈቅዳል። የአንድ ቀን ሙከራ የሚባለው ግን እስከ 12 ሜትር ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ ሲሆን የምስክር ወረቀት አያሰጥም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሸጡ ደላሎች ስለሚኖሩ በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ካርዱ ለሥራ አይሆንም፤ የግንባታና የነፍስ አድን ጠላቂነት የራሱ ሥልጠና አለው።

ካርዱ ጊዜው አያልፍበትም፤ ችሎታው ግን ይደበዝዛል። ባሕር ዓመት ሙሉ አጠገቡ ላልሆነ እንደ እኛ ላለ ሰው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ የግማሽ ቀን የማስታወሻ ልምምድ ወስዶ መግባት ይመከራል። እያንዳንዱን መጥለቅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ የቆዩበትን ደቂቃና በወገብዎ የታጠቁትን የእርሳስ ክብደት ጭምር በመዝገብ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ አገር ያለ አስተማሪ ካርዱን አይቶ ወዲያው የሚጠይቅዎ ያንን መዝገብ ነው።